በአራት ወረቀቶች ስፌት ላይ ያለች ከተማ፦ ኒቆዲሞስና የግራሃም ካውንቲ የቆዩ ካርታዎች

በ1878 የጸደይ ወራት ወይዘሮ ዊሊያና ሂክማን ከሰባኪ ባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ከኬንታኪ ተነሥተው ወደ ምዕራብ ካንሳስ መጡ። ባቡሩ ኤሊስ በምትባል ጣቢያ አወረዳቸው። እዚያ ኩፍኝ ገባና ከተጓዦቹ መካከል ልጆቻቸውን የቀበሩ ነበሩ። የተረፉት በጋሪ ወደ ሰሜን ቀጠሉ። መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የአጋዘንና የጎሽ ዱካ እየተከተሉ፣ ኮምፓስ እያዩ ሁለት ቀን ተጓዙ። ወንዶቹ “ደረስን!” ብለው ሲጮኹ ወይዘሮ ሂክማን ገና ከሕመም አላገገሙም ነበርና በደስታ ቀና አሉ። አዩ፣ ደግመው አዩ፤ ከሣር በስተቀር ምንም የለም። የት አለች ብለው ባለቤታቸውን ቢጠይቁ፣ እዚህም እዚያም ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ጢስ አሳዩአቸው። ከተማዋ ያ ጢስ ነበረች። ሰዎቹ የሚኖሩት እንደ ቀበሮ ጉድጓድ በተፈለፈለ ምድር ውስጥ ነበር። ወይዘሮ ሂክማን ከብዙ ዓመታት በኋላ ታሪኩን ሲያወሩ ያን ጊዜ ማልቀሳቸውን አልደበቁም።

ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ያን ዕለት ከእነርሱ ጎን አንድ ካርታ ሠሪ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ምን ይስል ነበር? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የዚህችን ከተማና የዙሪያዋን ካውንቲ የቆዩ ቶፖግራፊያዊ ካርታዎች (የምድሩን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳዩትን) ማገላበጥ የጀመርሁት ለእርሱ መልስ ፍለጋ ነው፤ ካርታዎቹ ግን ወደ ሌላ ጥያቄ ወሰዱኝ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ስሟ። አሜሪካውያን “ኒኮዲመስ” ይሏታል፤ ለእኛ ግን ስሙ የሩቅ አይደለም። በሌሊት ወደ ጌታ የመጣው የፈሪሳውያን አለቃ ኒቆዲሞስ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን የዐቢይ ጾም ሰባተኛ ሳምንት የሚጠራው በእርሱ ነው። ስለዚህ እዚህም ኒቆዲሞስ እላታለሁ። የከተማዋ ሰዎች ሲተርኩት የኖሩት ኒቆዲሞስ ግን ሌላ ነው፤ ከአፍሪካ በባርነት ተወስዶ በኋላ የራሱን ነጻነት በገንዘቡ የገዛ የነገሥታት ዘር ነው ይላሉ። የትኛው ትክክል እንደሆነ መከራከር የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። እኔ ሁለቱም አብረው ቢኖሩ ደስ ይለኛል።

ከተማዋ የተመሠረተችው በ1877 ነው። ደብሊው. ኤች. ስሚዝ የተባለ ጥቁር ሰፋሪና ደብሊው. አር. ሂል የተባለ ነጭ የመሬት ነጋዴ የከተማ ኩባንያ አቋቋሙ፤ የአሜሪካ ጥቁር ዜጎችን የሚጠራ በራሪ ወረቀትም በተኑ። የባርነት ሥርዓት ከተሻረ ገና 12 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር 300 ያህል ሰዎች ከኬንታኪ መጡ። ባዩት ነገር ተስፋ ቆርጠው ወዲያው የተመለሱ ቤተሰቦች ነበሩ፤ የቀሩት ምድር እየቆፈሩ ገቡ። በመጀመሪያው ክረምት ከአደን የሚመለሱ የኦሴጅ ሕንዶች ከያዙት ሥጋ ባያካፍሏቸው ኖሮ ብዙዎቹ በረሃብ ያልቁ እንደነበር ዘሮቻቸው እስከ ዛሬ ይናገራሉ።

አሁን ወደ ካርታው እንምጣ። ግራሃም ካውንቲ በሰሜን ምዕራብ ካንሳስ ያለች፣ በማስመሪያ የተቆረጠች የምትመስል ካሬ ናት። መምሰል ብቻም አይደለም፤ በእርግጥ በማስመሪያ ነው የተቆረጠችው። ሰፋሪ ሳይገባ የፌዴራል መንግሥቱ ቀያሾች ምድሩን በሰንሰለት ለክተው፣ ጎንና ጎኑ 6 ማይል በሆነ “ታውንሺፕ” ከፋፍለውታል። እያንዳንዱ ታውንሺፕ ደግሞ ጎንና ጎናቸው አንድ ማይል በሆኑ 36 “ሴክሽኖች” ተከፍሏል። ካውንቲዋ በአንድ ጎን አምስት፣ በሌላው ጎን አምስት፣ በድምሩ 25 ታውንሺፕ ናት። ስለዚህ ስፋቷ 30 ማይል በ30 ማይል ይሆናል። አንድ ሴክሽን 640 ኤከር ነው፤ የ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ አምስት ዓመት በመሬቱ ላይ ኖሮ ላለማ ሰው የሚሰጠው የዚህን ሩብ፣ 160 ኤከር ነው። በእኛ የቀድሞ አቆጣጠር ከአንድ ጋሻ ተኩል ጥቂት ከፍ ይላል። ትናንት የሌላ ሰው ንብረት ለነበረ ሰው አንድ ጋሻ ተኩል መሬት ምን ማለት እንደሆነ፣ የመሬትን ነገር ለሚያውቅ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ይህ የካሬ ሥርዓት ካርታ ለሚያነብ ሰው ትልቅ እርዳታ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ያታልላል። መንገዶች በሴክሽን ድንበር ላይ ስለሚሄዱ ገጹ በሙሉ የሒሳብ ደብተር ይመስላል። ካሬው ግን ሰው መኖሩን አይናገርም፤ መሬት መቆጠሩን ብቻ ነው የሚናገረው። ባዶ ካሬና የተሞላ ካሬ ድንበራቸው አንድ ነው። በዚህ ሁሉ ቀጥተኛ መስመር መካከል እንደልቡ የሚጠማዘዝ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈሰው የሰሎሞን ወንዝ ደቡባዊ ገባር። የኒቆዲሞስ ዕጣ የተወሰነውም በዚህ ወንዝ ዳርና ዳር ነው።

የአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት ድርጅት የተቋቋመው በ1879 ነው። አገሪቱን በሙሉ በቶፖግራፊያዊ ካርታ የመሸፈን ሥራ የጀመረው ደግሞ ሁለተኛው ዋና ዳይሬክተሩ ጆን ዌስሊ ፓወል በነበሩበት በ1880ዎቹ ነው። ካንሳስ ቀደም ብለው ከተቀየሱት ግዛቶች አንዷ ስትሆን፣ ሰፊ ክፍሏ በዚያ ዘመንና በ1890ዎቹ በ1:125,000 ስኬል ተሥሏል። ሥራው በእጅ የሚሠራ ነበር። ቀያሹ በሦስት እግር የሚቆም የስዕል ገበታ ይዞ ከጉብታ ጉብታ ይሄዳል፣ አቅጣጫ ይወስዳል፣ ጥቂት ነጥቦችን ይለካል፣ በነጥቦቹ መካከል ያለውን የከፍታ መስመር፣ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን፣ ግን በዓይኑ ገምቶ ይስላል። በእነዚህ ካርታዎች ላይ ያለው ቡናማ መስመር ለስላሳ ሆኖ የሚታየው ምድሩ ለስላሳ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የሰው እጅ ስለሆነ ጭምር ነው።

በዚህ ስኬል በካርታው ላይ አንድ ሚሊ ሜትር በምድር ላይ 125 ሜትር ነው። አሥር ሜትር ርዝመት ያለው ቤት በልኩ ቢሣል አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የብዕር ጫፍ ከዚያ ይሰፋል። ስለዚህ ካርታ ላይ የምናየው ቤት ሁልጊዜ ከእውነተኛው የተጋነነ ምልክት ነው። ምልክት ደግሞ የሚሰጠው ለሚገባው ነው፤ የሚገባውን የሚወስነው ቀያሹና መመሪያው ናቸው። ጣሪያው የሣር አፈር፣ ግድግዳው የጉብታው ወገብ የሆነ ጎጆ ቤት ይባላል ወይስ አይባል? የከፍታ መስመሩም አይዘውም፤ በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት 20 ጫማ ቢሆን እንኳ ከምድር አንድ ክንድ ከፍ ያለ ጣሪያ በመካከል ሾልኮ ይቀራል። የጠየቅሁት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፦ ያ ካርታ ሠሪ ጉብታውን፣ ወንዙንና ሣሩን ስሎ ይሄድ ነበር። ጢስ የሚሣልበት ምልክት የለም።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ የተለመደው ሐዘን በሆነ፤ “ካርታ ድሆችን አያይም” ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። እኔ ግን በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቱም ኒቆዲሞስ ጢስ ሆና አልቀረችም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰፋሪዎቹ ከሣር አፈር ጡብና ከበሃ ድንጋይ ቤት ሠርተው ከምድር ወጡ። በ1880 ካውንቲዋ ስትቋቋም ከኒቆዲሞስ ሰፋሪዎች አንዱ የነበረው ኤድዋርድ ማኬብ ጊዜያዊ ጸሐፊዋ ሆነ፤ በ1882 ደግሞ የመላው ካንሳስ ዋና ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ። ዛካሪ ፍሌቸር ፖስታ ቤትና ሆቴል ከፈተ። አብያተ ክርስቲያናት፣ ሱቆች፣ ባንክ፣ በ1886 “ዌስተርን ሳይክሎን”፣ በሚቀጥለው ዓመት “ኒኮዲመስ ኢንተርፕራይዝ” የተባሉ ጋዜጦች መጡ። አውሎ ነፋስ ቤት በሚነቅልበት አገር ጋዜጣን በአውሎ ነፋስ ስም መጥራት ድፍረት ነው! የካውንቲዋ የመጀመሪያ መቀመጫ የነበረችው ሚልብሩክ በ1887 በእንዲህ ያለ ነፋስ ተመትታ ጠፍታለች፤ መቀመጫነቱም ወደ ሂል ሲቲ ሄዷል። ይህች ሂል ሲቲ የተሰየመችው ቀደም ብዬ በጠቀስሁት የመሬት ነጋዴ ስም መሆኑንም እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

እንግዲህ ይህች ከተማ ምልክት የሚገባት ሆና ሳለ ምን ነካት? እዚህ ላይ ነው ካርታው ከመጽሐፍ የተሻለ የሚናገረው።

በታሪክ ጽሑፎች የሚገኘው አጭሩ ትረካ ይህ ነው፦ በ1887 የኒቆዲሞስ ታውንሺፕ መራጮች ሚዙሪ ፓስፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ ሐዲዱን በከተማቸው እንዲያሳልፍ 16,000 ዶላር ቦንድ ለማውጣት ድምፅ ሰጡ። ድርድሩ ሳይሳካ ቀረ። በ1888 ሌላው ኩባንያ፣ ዩኒየን ፓስፊክ፣ ሐዲዱን ከወንዙ ደቡብ ዘረጋ። ከወንዙ ማዶ የነበረው የሠራተኞቹ ሰፈር ቦግ የተባለች ከተማ ሆነ። የኒቆዲሞስ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ጭነው ወደዚያ ተሻገሩ።

ይህን ሳነብ በአእምሮዬ የተሣለው፣ ሁለት ኩባንያዎች ለአንድ መንገድ ሲፎካከሩ አንዱ ሲያሸንፍ ነበር። ካርታውን ስዘረጋ ግን እንደዚያ እንዳልነበረ አየሁ።

ችግሩ ካርታውን መዘርጋት ራሱ ነው። የድሮዎቹ 1:125,000 ወረቀቶች እያንዳንዳቸው የሚሸፍኑት ግማሽ ዲግሪ በግማሽ ዲግሪ ነው። የሚዙሪ ፓስፊክ ቅርንጫፍ ሐዲድ ያበቃባት ስቶክተን በምሥራቅ ጎረቤት ካውንቲ ውስጥ ያለች ስትሆን፣ በእርስዋና በኒቆዲሞስ መካከል 99 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ (ደቂቃ እዚህ የዲግሪ 60ኛ ክፍል ነው) የሚለው የኬንትሮስ መስመር ያልፋል። ስለዚህ ሁለቱ ከተሞች በተለያየ ወረቀት ላይ ናቸው። ኤሊስ ደግሞ፣ እነ ወይዘሮ ሂክማን ከባቡር የወረዱባት፣ ከ39ኛው የኬክሮስ መስመር በታች ስለሆነች እርስዋም በሌላ ወረቀት ላይ ናት። ሰፋሪዎቹ በሁለት ቀን የሄዱትን መንገድ አንድም ወረቀት ለብቻው አያሳይም።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ጠርዛቸውን ያጋጠመ ሰው ግን ወዲያው ይገባዋል። ጣታችሁን ስቶክተን ላይ አድርጉ። ከተማዋ ያለችው ከሰሎሞን ወንዝ በስተሰሜን ነው። ከዚያ ወንዙን ሳትሻገሩ፣ በሰሜኑ ዳርቻ ወደ ምዕራብ ጣታችሁን ሳቡት፤ በምድር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በወረቀቱ ላይ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ሄዳችሁ የምትደርሱት ኒቆዲሞስ ላይ ነው። ሚዙሪ ፓስፊክ ከቆመበት ወደ ምዕራብ መቀጠል ቢፈልግ ኖሮ የወንዙ ሸለቆ ራሱ መንገዱን አበጅቶለት ነበር። የኒቆዲሞስ ሰዎች 16,000 ዶላር ዕዳ ለመግባት የወሰኑት በባዶ ተስፋ አልነበረም፤ ከደጃቸው ወጥቶ የወንዙን ዳር ወደ ምሥራቅ ተከትሎ የሚሄድ ሰው ሐዲዱ የቆመበት ይደርስ ነበር።

አሁን ጣታችሁን ወደ ዩኒየን ፓስፊክ መስመር አዙሩት። ይህ ከስቶክተን አይነሣም። ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከሳላይና ተነሥቶ በፕሌንቪል በኩል በሁለት ወንዞች መካከል ያለውን ደጋ ይዞ ነው የሚመጣው። ዳማርን አልፎ ቦግ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ሂል ሲቲ ይቀጥላል። ለዚህ መስመር ኒቆዲሞስ በመንገዱ ላይ አይደለችም፤ ወደ እርስዋ ለመድረስ ከመስመሩ ወደ ሰሜን ወጥቶ ወንዙን መሻገር ያስፈልገዋል። ስለዚህ “ባቡሩ ኒቆዲሞስን ዘልሎ አለፈ” የሚለው የተለመደ አነጋገር ከፊል እውነት ብቻ ነው። ዘልሎ ያለፈ ባቡር የለም፤ ሊመጣ ይችል የነበረው ሳይነሣ ቀረ፣ የመጣው ደግሞ ከመጀመሪያውም ወደ እርስዋ አላቀናም።

በዚህ ላይ የእኔን ፍርድ ልጨምር። ለጉዳዩ ምድሩን የሚወቅሱ አሉ፤ ወንዙ ከለከለ ይባላል። የከፍታ መስመሮቹ ይህን አይደግፉም። በዚህ አካባቢ መስመሮቹ ተራርቀው የተኙ፣ ሸለቆው ሰፊና ዝግ ያለ ነው፤ የባቡር መሐንዲስን የሚያስፈራ ገደል የለም። የሰሜኑም ዳርቻ ከደቡቡ የባሰ አይደለም። ምድሩ በሁለቱም በኩል ክፍት በር ነበረ። ውሳኔው የተወሰነው በኩባንያ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ያ ደግሞ በቡናማ ቀለም አይሣልም።

ርቀቱን ማየት ለሚፈልግ ቀጥሎ ወደመጡት 1:24,000 ወረቀቶች መሻገር ይበጃል። ይህ ስኬል አሜሪካውያን በኢንችና በጫማ ስለሚለኩ የመጣ ነው፤ አንድ ኢንች 2,000 ጫማ ይሆናል። እኛ ከለመድነው የኢትዮጵያ 1:50,000 ካርታ በእጥፍ በላይ የቀረበ ነው። እያንዳንዱ ወረቀት ሰባት ደቂቃ ተኩል በሰባት ደቂቃ ተኩል ይሸፍናል፤ መላ አሜሪካ ከአላስካ በስተቀር በዚህ መልክ ተሸፍኖ ለማለቅ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ፈጅቷል፣ ወረቀቶቹም ከ50,000 በላይ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ አጋጣሚ አለ። ኒቆዲሞስ ያለችው በ39 ዲግሪ ከ23 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሰሜን፣ በ99 ዲግሪ ከ37 ደቂቃ ምዕራብ ላይ ነው። የወረቀቶቹ ድንበር ደግሞ 39 ዲግሪ ከ22 ደቂቃ ተኩልና 99 ዲግሪ ከ37 ደቂቃ ተኩል ላይ ይወድቃል። ሒሳቡን ስትሠሩት ከተማዋ ከወረቀቷ የግራ ጠርዝ ሦስት ሴንቲ ሜትር፣ ከታችኛው ጠርዝ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቃ ጥግ ላይ የተቀመጠች ናት። አራት ወረቀቶች የሚገናኙበት ማዕዘን ከደጃፏ ሁለት ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቦግስ? ቦግ ያለችው በማዕዘን ተቃራኒው ወረቀት፣ በደቡብ ምዕራቡ ላይ ነው። የኒቆዲሞስን ወረቀት ብቻ አውርዶ የሚያይ ሰው የገደላትን ጎረቤቷን አያይም፤ የቦግን ወረቀት ብቻ የሚያይም ነጋዴዎቿ ከየት እንደመጡ አያውቅም። አራቱን ወረቀቶች በጠረጴዛ ላይ አጋጥማችሁ፣ የሁለቱን ከተሞች ርቀት በማስመሪያ ብትለኩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በምድር 7 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ አምስት ማይል እንኳ አይሞላም። የአንድ ከተማ ዕድሜ ያጠረው በአንድ ማስመሪያ ርዝመት ነው።

ከ1888 በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው፤ ምክንያቱም ካርታው በዚህ ረገድ ከሚታሰበው ያነሰ ነው የሚናገረው። ነጋዴዎቹ ሄዱ፣ ገበሬዎቹ ግን ቀሩ። መሬታቸው ላይ ነበሩና። በ1907 የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ፣ በ1918 የትምህርት ቤት ሕንፃ ቆመ፤ የሞተች ከተማ እንዲህ አትሠራም። ከባዱ ምት የመጣው በ1930ዎቹ ድርቅ፣ የአቧራ ማዕበልና የኢኮኖሚ ድቀት ነው። በ1939 የመንግሥት የሥራ ዕድል ፕሮግራም ከበሃ ድንጋይ የታውንሺፕ አዳራሽ ሠራላቸው። በ1953 ፖስታ ቤቱ ተዘጋ። ከምሥራቅ በኩል ደግሞ በ1950ዎቹ በወንዙ ላይ የዌብስተር ግድብ ተሠርቶ፣ ዌብስተር የምትባለው ትንሽ ከተማ ከስፍራዋ ተነሣች፤ የዚያን ጊዜውንና ቀጣዩን ካርታ አንዱን በሌላው ላይ ስታደርጉ ጎዳና የነበረው ሰማያዊ ቀለም ይሆናል። እንደዚያ ያለ ለውጥ ልጅም ያየዋል። የኒቆዲሞስ ዓይነቱ መመናመን ግን ቀስ ያለ ነው፤ ጥቁር ካሬዎች አንድ በአንድ ይጎድላሉ፣ ስሙ ባለበት ይቀመጣል።

ካሬዎቹን ልቁጠር ለሚል ሰው ጥቂት ማስጠንቀቂያ አለኝ። በ1:24,000 ካርታ ላይ ሙሉ ጥቁር ካሬ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው፤ ውስጡ ባዶ ወይም በሰያፍ መስመሮች የተሞላ ካሬ ጎተራ፣ መጋዘን፣ በረት ነው። መስቀል የተተከለበት ካሬ ቤተ ክርስቲያን፣ ባንዲራ ያለው ትምህርት ቤት ነው። ባዶውን ከሙሉው ሳይለይ የሚቆጥር ሰው ላሞችን ከነዋሪ ይደምራል። ሁለተኛ፣ በጠርዝ ላይ የተጻፈውን ዓመት አትመኑ፤ ሁሉንም ዓመታት አንብቡ። ምድሩ የተቀየሰበት፣ ወረቀቱ የታተመበትና እንደገና የታተመበት ዓመት የተለያዩ ናቸው፤ ከአያት ዘመን የተቀየሰ ካርታ በልጅ ልጅ ዘመን እንደ አዲስ ታትሞ ይገኛል። ሦስተኛ፣ ሐምራዊ ቀለም ካያችሁ፣ ያ ከአየር ፎቶግራፍ ብቻ የተጨመረ እርማት ነው፤ ማንም ወርዶ በር አላንኳኳም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ካርታው መሬቱ የማን እንደሆነ አይናገርም። በእነዚህ ወረቀቶች ላይ የጥቁር ገበሬ ካሬና የነጭ ገበሬ ካሬ አንድ ናቸው። ይህ በአንድ በኩል ፍትሕ ይመስላል፤ ለተመራማሪ ግን ዕውርነት ነው። ለዚህ የሚረዱት በየሴክሽኑ የባለመሬቱን ስም የሚጽፉት የካውንቲ የመሬት ይዞታ ካርታዎችና የመሬት ጽሕፈት ቤት መዝገቦች ናቸው። ቶፖግራፊያዊውን ካርታ ከእነርሱ ጋር ያላጋጠመ ሰው፣ ሌላ ስፌት ሳይሰፋ ቀርቷል ማለት ነው።

ዛሬ እነዚህን ወረቀቶች ለማየት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዞ መሄድ አያስፈልግም። የሥነ ምድር ጥናት ድርጅቱ ከ1884 እስከ 2006 የታተሙትን ካርታዎቹን በኮምፒውተር ቀድቶ፣ ከ178,000 በላይ የሆኑትን በነጻ ለሕዝብ አቅርቧል። ማንም ሰው አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ቁጭ ብሎ የግራሃም ካውንቲን ወረቀቶች ማውረድ ይችላል። ከ2009 ጀምሮ የሚወጡት አዲሶቹ ካርታዎች ግን ተራ መኖሪያ ቤቶችን አንድ በአንድ አይስሉም። ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ በመጀመሪያ የኒቆዲሞስ ሰዎች ለመሣል የሚበቃ ቤት አልነበራቸውም፤ አሁን ቤት ቢኖራቸውም ካርታው መሣል ትቷል።

የቀሩት ጥቂቶች ናቸው። በ2020 ቆጠራ በከተማዋ የተገኙት 14 ሰዎች ነበሩ። ቦግም ብትሆን ያን ሁሉ ነጋዴ ከወሰደች በኋላ ዛሬ 200 ሰው አይሞላባትም። ኒቆዲሞስ ግን በ1976 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብላ ተመዝግባ፣ በ1996 በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሥር ገብታለች። የሚጠበቁላት ሕንፃዎች አምስት ናቸው፦ የታውንሺፕ አዳራሹ፣ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት፣ ትምህርት ቤቱና የድሮው ሆቴል።

በየዓመቱ በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ዘመን ጀምሮ ሲከበር የኖረው የነጻነት በዓል “የቤት መመለሻ” ሆኖ ይከበራል፤ ዘሮቻቸው ከየግዛቱ ይመጣሉ። ከምሥራቅ የሚመጡት በስቶክተን በኩል ነው። በካርታው ላይ ቀይ መስመር አለ፣ የአሜሪካ 24ኛ አውራ ጎዳና። ከስቶክተን ይነሣል፣ የሰሎሞንን ወንዝ ሳይሻገር በሰሜኑ ዳርቻ ወደ ምዕራብ ይሄዳል፣ የዌብስተርን ሐይቅ በግራ ይተዋል፣ የወረቀቱን ጠርዝ አልፎ ወደሚቀጥለው ወረቀት ይገባል፣ ከዚያም በኒቆዲሞስ ደጃፍ ያልፋል።